የፊተኛው ግራ ጎማ

«ነገ ከመሄድሽ በፊት መኪናዋን እኛ ጋ አምጫት» ስላት እህቴ መኪናዋን ልዋሳት የፈለግኩ መሰላት።

«የት ልትሄጂባት ነው?»

«የትም። ለአባባ ነው።»

«አባባን ሰበብ አታድርጊ። ማነው ልጁ?»

«የቱ ልጅ?»

«አንቺ ሹክሹክታ! ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ በር አልወጣም ብለሽ፣ እኔ ሻንጣ ሳዘጋጅ ነው መኪና ያማረሽ? ንገሪኝ፣ ሥራ አለው? ከአንቺ ይረዝማል?»

ሹክሹክታ እኔ ነኝ። ድምፄ ከልጅነቴ ጀምሮ ከጉሮሮዬ ርቆ ስለማይሄድ ስሙን ያወጣችልኝ እሷ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከተመረቅኩ በኋላም አልተወችኝም። እንዲህ ያለ ነገር ስትጠይቀኝ ደግሞ የምመልሰው ይጠፋኛል። ጆሮዬ ይግላል፣ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞራለሁ። ስለዚህ ዋናው ነገር ላይ ለመድረስ ብዙ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሐሙስ ከሥራዋ ስትመለስ መንገድ ላይ አሳፍራኝ ስንመጣ፣ ፍሬን በያዘች ቁጥር ከፊት በግራ በኩል ብረት ብረትን ሲፍቅ ሰምቼ ነበር። ከመኪናዋ ስወርድም በዚያው ጎማ አጠገብ የተቃጠለ ነገር ሸቶኛል። ያኔውኑ አልነገርኳትም። መናገር ያለብኝን ነገር አብዛኛውን ጊዜ የምናገረው ቀን ካለፈው በኋላ ነው።

«እሱማ አዲስ ስለሆነ ነው» አለች። «ሸራው ሲለመድ ይተዋል ብለውኛል አባባ።»

«አውቃለሁ። ግን የነገው መንገድ ቁልቁለት ነው።»

«እሳቸው ይተዋል ካሉ ይተዋል፣ በቃ። ደግሞ የልጆቹን ዘፈን ከፍ ሳደርገው አይሰማም።»

ቢሆንም እሺ አለች። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እውነት ማንም የለም?» ብላ ደገመችልኝ።

እህቴ በአባታችን ቃል እንዲህ መተማመኗ ያለ ምክንያት አልነበረም። አባታችን ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማ አውቶቡስ ጋራዥ የፍሬን ክፍል ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። እዚያ ሁሉም የሚጠሯቸው ዳሳሹ እያሉ ነበር። ጎማ ካወለቁ በኋላ ባትሪ አያበሩም፤ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰድደው፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው፣ ከሰው ጋር እያወሩ፣ ሸራው ምን ያህል እንደሳሳ፣ ዲስኩ የት ጋ እንደተቦረቦረ በጣታቸው ያውቁታል። ሸራ የሚባለው ዲስኩን ከሁለት ወገን ጨብጦ መኪናን የሚያቆመው ነው፤ አንዱ ፊቱ ሻካራ፣ ጀርባው ልሙጥ ብረት ነው። በእኛ ቤተሰብ የማንም መኪና ፍሬን ለማሠራት ጋራዥ ሄዶ አያውቅም። ሁሉም የሚሠራው ግቢያችን ውስጥ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ባለችው የሲሚንቶ ወለል ላይ ነው።

አባቴ ከጋራዡ ይዘውት የመጡት አንድ ሕግ ነበራቸው። ፍሬን የገጠመ ሰው ጎማውን አይመልስም፤ መጀመሪያ ሌላ ሰው በባትሪ አይቶ፣ ሸራውን በያዘው ብረት ላይ በነጭ ማርከር ምልክት ማድረግ አለበት። ይህን ሰው ሁለተኛ ዓይን ይሉታል። ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ የቤታችን ሁለተኛ ዓይን እኔ ነኝ።

እህቴ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። ሻንጣዎቹ ኋላ ተደርድረዋል፤ የሰባትና የአምስት ዓመት ሴት ልጆቿ ከነትራሳቸው ተቀምጠዋል። ባሏ የሚሠራው ከተራራው ሥር ባለ ከተማ ነው። እዚያ ለመድረስ አርባ ኪሎ ሜትር ሙሉ እየተጠማዘዙ መውረድ ነው፤ በአንዱ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ድንጋይ። ልጆቹ አባታቸውን ካዩ ሁለት ወር ሆኗቸዋል።

አባቴ በረንዳው ላይ ቆመው እናቴ የቱታቸውን ቁልፎች እየቆለፈችላቸው ነበር። ይህ ከጥቂት ወራት ወዲህ የመጣ ልማድ ነው።

«ኧረ ሙሽሮቹ!» አለች እህቴ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ። «በዚህ ዕድሜ ደግሞ!»

«ቅናት ነው» አሉ አባቴ። «ያንተን ቁልፍ ማን ይቆልፍልሃል በይው ባልሽን።»

«የኔ ባል ቁልፉን ራሱ ይቆልፋል። ካልሲውን ነው የማያገኘው።»

እናቴ አልሳቀችም። የመጨረሻውን ቁልፍ አስገብታ ደረታቸውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና ወደ ውስጥ ገባች።

«እስከ አራት ሰዓት መውጣት አለብኝ አባባ፣ ከዚያ በኋላ መንገዱን የጭነት መኪና ነው የሚሞላው» አለች እህቴ።

«ለዚህች ድምፅ ነው? በሃያ ደቂቃ አይተን እንሸኝሻለን። ሁለተኛ ዓይን ነች እንቅልፍ የነሳችሽ አይደል?» ብለው ወደ እኔ ጠቀሱ።

ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረግኩ። አባቴ ዝቅ ያለችውን በርጩማቸውን አምጥተው ከግራው ጎማ ፊት ተቀመጡ፤ ጎማውን የያዙትን ዳዶዎች ግን «ጉልበቱን አንቺ አዋጪ» ብለው ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። በእግሬ እየረገጥኩ አላላኋቸው። ክሪኩን አስገብቼ አነሳኋት፣ የብረት መቆሚያውን ከሥሯ አደረግኩ፣ ጎማውን አወለቅኩ። የቸርኬው ውስጥ ጥቁር አቧራ ለብሷል፤ በአቧራው መካከል የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን የብረት ፍርፋሪዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ አቧራ ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም። ቸርኬውን ልጠርገው ባልዲ ውስጥ የነበረውን እርጥብ ጨርቅ አነሳሁ።

ትንሿ የእህቴ ልጅ ብስኩት ይዛ መጥታ ከአባቴ አጠገብ ቆመች። ልጆቹ መኪናዋን ድንቢጥ ነው የሚሏት።

«አያዬ፣ ድንቢጥ ምን ሆና ነው?»

«ጉሮሮዋን አሟት» አሉ አባቴ።

«ጉሮሮዋ የት ነው?»

«ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ» አሉና ፊታቸውን ወደ እሷ እንዳዞሩ ግራ እጃቸውን ዲስኩ ላይ አሳረፉ። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት፣ መላ መዳፋቸውን፣ የለመደውን ፈረስ አንገት እንደሚያሻሽ ሰው።

በዚያች ቅጽበት ከያዝኩት ጨርቅ አንድ ጠብታ ውሃ ዲስኩ ላይ፣ ከአውራ ጣታቸው አጠገብ ወደቀች። ቸስ አለችና ጠፋች።

ጠብታዋ የነበረችበትን ቦታ አየሁ። ቦታው ደርቋል። ቀጥዬ እጃቸውን አየሁ። እጃቸው እዚያው ነበር።

«ቀዝቅዟል፣ ደህና ነው» አሉ አባቴ፤ አሁንም የሚያወሩት ለልጅቷ ነው። «ድንቢጥ ሲሞቃት ነው የምትጮኸው…»

ከዚያ ሽታው መጣ።

የእጃቸውን አንጓ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩ። በሕይወቴ አባቴን እንዲህ ይዤ አላውቅም፤ በርጩማዋ ተገለበጠች፣ ሁለታችንም ሲሚንቶው ላይ ወደቅን።

«ምን ሆንሽ? እባብ አየሽ እንዴ?» አሉኝ። የደነገጡት በእኔ ነበር። እጃቸውን ገልብጬ አሳየኋቸው። የዲስኩ ጠርዝ መዳፋቸው ላይ እንደ ማጭድ ጎብጦ ነጭ ሆኖ ታትሟል፤ ከሱ በላይ ቆዳው መነሳት ጀምሯል። አባቴ የሌላ ሰው እጅ የሚያዩ ይመስል ዘንበል ብለው አዩት።

እህቴ መጮህ ጀመረች። እያጠደፈችን ወደ ቧንቧው ወሰድናቸው። ውሃው ሲወርድባቸው ፊታቸው ላይ አንድም ነገር አልተለወጠም። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ቁስሉን አይቼዋለሁ፤ ሕመሙ ግን እሳቸው ጋ አልደረሰም ነበር።

«ተነሱ ክሊኒክ እንሂድ!» አለች እህቴ።

«በምን?» አሉ አባቴ። መኪናዋ በሦስት ጎማ ቆማለች።

እናቴ ከቤት ወጥታ አየች። አልጮኸችም። በረንዳው ደረጃ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ንገራቸው ብዬህ አልነበረም?» አለቻቸው።

«አታካብጂው፣ ትንሽ ደንዘዝ ይላል እንጂ…»

«ትንሽ? ቁልፍ መቆለፍ ካቃተው አምስት ወሩ!» ወደ እኛ ዞረች። «ስኳሩ ነው። መጀመሪያ የደነዘዘው እግሩ ነበር፣ ከዚያ ወደ ጣቱ መጣ። ሻዩ ይጋል ይቀዝቅዝ የምነግረው እኔ ነኝ። ሳንቲም ከኪሱ አውጣ ስትለው ኪሱን ይገለብጣል። ለልጆቹ እንዳትነግሪ ብሎ አስማለኝ፤ እኔም ሞኝ ነኝ፣ ማልኩ።»

አባቴ ስኳር እንዳለባቸው እናውቃለን። ስድስት ዓመት ክኒን ሲውጡ አይተናል። ስኳር ይህንን እንደሚያደርግ ግን ማናችንም አላሰብንም፣ ወይም ማሰብ አልፈለግንም።

«ሙሽሮቹ እያልኩ ስስቅ…» አለች እህቴ።

ከጎዳናው ማዶ ያለችውን ፋርማሲስት ጠርተናት መጣች። እጃቸውን አጥባ፣ ቀብታ፣ በነጭ ፋሻ አሰረችላቸው። እግራቸውንና ደማቸውን እንዲያዩላቸው ሰኞን ሳታሳልፉ ክሊኒክ ውሰዷቸው ብላ ሁለት ጊዜ ደገመችልን።

እኔ ግን ጆሮዬ እሷን እየሰማ ዓይኔ መኪናዋ ላይ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት የመኪናዋን ሸራ የቀየሩት እነዚህ እጆች ናቸው።

ዲስኩ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ተጋድሜ፣ ባትሪ አብርቼ፣ ብሎኖቹን ፈትቼ የውስጠኛውን ሸራ አወጣሁት። በእጄ ይዤው ለጥቂት ጊዜ የማየው ነገር አልገባኝም። ሻካራው ፊት ንጹሕ ነው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ። የተፋቀውና ያብረቀረቀው ጀርባው ነው፣ ብረቱ። ሸራው ተገልብጦ ነበር የገባው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዲስኩን ሲይዝ የነበረው ባዶ ብረት ነው። ዲስኩን ከውስጥ በኩል በጣቴ ዳሰስኩት፤ ጥፍሬ እስኪገባባቸው ድረስ ጠልቀው የተቆፈሩ መስመሮች ነበሩ።

እህቴ ከበላዬ ቆማለች። «ምንድነው እሱ?»

«ተገልብጦ ነው የገባው።»

«ተገልብጦ ማለት?»

«በዚህ ጎማ ከውስጥ በኩል ፍሬን አልነበረሽም። ብረት ነው ብረትን ሲበላ የነበረው።»

ሸራውን ከእጄ ተቀበለችኝ። አገላብጣ አየችው። ልጆቿን አየቻቸው፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠው የመጨረሻውን ብስኩት ማን ይውሰድ እያሉ ይጨቃጨቃሉ።

«በየቀኑ ትምህርት ቤት…» አለች። «ማክሰኞ ደግሞ በዝናብ… ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ!» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ማነው ያየው? ሁለተኛ ዓይን ማን ነበር?»

ምልክቱ ፊቴ ነበር። ሸራውን በያዘው ብረት ላይ፣ በነጭ ማርከር፣ ጭራው ወደ ላይ የተቆለመመ። የኔ ምልክት ነው፤ ማንም እንዲህ አያደርገውም።

አባቴ ፋሻ የታሰረ እጃቸውን ታቅፈው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። «እሷን ተያት» አሉ ረጋ ብለው። «እሷ አይታ ምልክት አድርጋ ነበር። ከዚያ ቅባት መርሳቴ ትዝ ሲለኝ መልሼ ፈታሁት። ስመልሰው ነው የተገለበጠብኝ። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው።»

መልሰው አልፈቱትም። ቅባትም አልረሱም። አባቴ ስለ ፍሬን ሲዋሹ ስሰማቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ያንንም ያደረጉት ለእኔ ነበር። እንዲህ ተቃጥለው እንኳ እኔን የሚሸፍኑበት መንገድ ፈለጉ።

ያን ቀን እኔ በረንዳው ላይ ላፕቶፕ ታቅፌ የሥራ ማመልከቻ እየሞላሁ ነበር። «ነይ እይልኝ» ሲሉኝ ማርከሩን ይዤ ሄድኩ፤ ጎንበስ አልኩ፣ ምልክቱን አደረግኩ፣ ተመለስኩ። ባትሪውን አላበራሁም። ወደ ውስጥም አላየሁም። ዳሳሹ የገጠሙትን ማየት፣ አንድ ሰው የራሱን ስም በትክክል ጽፎ እንደሆነ እንደመፈተሽ ነበር የሚሰማኝ። ምን ያህል ጊዜ እንዲህ እንዳደረግኩ አላውቅም።

«አላየሁትም» አልኩ።

እህቴ ወደ አባቴ እያየች ስለነበር መናገሬን እንኳ አላወቀችም።

«አላየሁትም!» አልኩ እንደገና። ድምፄ ከግቢው ግድግዳ ተመልሶ መጣ። ልጆቹ ጭቅጭቃቸውን አቁመው ዞሩ። «መልሰው አልፈቱትም፤ እየዋሹ ነው። ጠርተውኝ መጣሁ፣ ሳላይ ምልክት አድርጌ ሄድኩ።»

እህቴ ልትመታኝ የተዘጋጀች መስሎኝ ነበር፤ ብትመታኝ እመርጥ ነበር። እሷ ግን አጠገቤ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች፣ ለመንገድ በለበሰችው ነጭ ሱሪ።

«እስቲ ስጪኝ» አሉ አባቴ። «የወጣውንም አዲሱንም።»

በመሳቢያ ያስቀመጥነው ትርፍ ሸራ ነበር። ሁለቱንም አምጥቼ አንዱን በፊቱ፣ ሌላውን በጀርባው ጉልበታቸው ላይ አደረግኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። በደህናው ቀኝ እጃቸው የመጀመሪያውን አነሱ። አውራ ጣታቸው ልሙጡ ብረት ላይ ወዲያና ወዲህ ሄደ፣ ቆመ፣ እንደገና ሄደ። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ሙሉ ሰው የታመነው በዚህ ጣት ነው።

«ይሄ ሻካራው ነው» አሉ።

እናቴ ፊቷን አዞረች። ዝምታችን ሲረዝምባቸው ዓይናቸውን ገለጡና የያዙትን አዩት። ብዙ አዩት። ከዚያ ብርጭቆ እንደሚያስቀምጥ ሰው ተጠንቅቀው ሲሚንቶው ላይ አኖሩት።

«አንቺ ሥሪው» አሉኝ።

«እኔ ገጥሜ አላውቅም እኮ አባባ።»

«አሥራ አራት ዓመት አይተሻል።»

«አላየሁም አልኩዎት!»

«እንግዲያው አሁን ታያለሽ» አሉ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

እህቴ ለባሏ ደውላ ዛሬ አንመጣም አለችው። ለምን ሲላት «አባባ እጃቸውን ተቃጠሉ፣ መኪናዋም ፍሬን የላትም፣ እኔም ሱሪዬ ተበላሽቷል» ብላ ስልኩን ዘጋችና ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ፣ ያወለቅኩላትን ዲስክ በጨርቅ ጠቅልላ በታክሲ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄደች። ለሁለቱም የፊት ጎማዎች አዲስ ዲስክ ይዛ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ሙሉ ስንሠራ ዋልን። አባቴ ከበርጩማቸው ሳይነሱ በቃል ነበር የሚመሩኝ። የትኛው ብሎን በየትኛው ቁልፍ እንደሚፈታ፣ የፍሬን ቧንቧው እንዳይንጠለጠል በሽቦ እንዴት እንደሚታሰር፣ ሸራውን የሚገፋው ፒስቶን ምን ያህል ቀስ ተብሎ ወደ ውስጥ እንደሚገፋ። ሁለት ጊዜ ረስተው ደህናውን እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሳቸው መለሱት። ሸራዎቹን ከማስገባቴ በፊት እያንዳንዳቸውን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው «ሻካራው ወደ ዲስኩ» ይላሉ፤ እኔም «ሻካራው ወደ ዲስኩ» እላለሁ። የቀኙን ጎማ ስንፈታ ሸራው በትክክል ገብቶ አገኘነው። አባቴ ይህን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም፤ «በዕድል ነው» አሉ።

ሁለተኛ ዓይን እህቴ ሆነች። ባትሪውን ይዛ ሲሚንቶው ላይ በሆዷ ተኛች።

«ይሄኛው ምንድነው?»

«ሽቦ ነው።»

«እሱስ?»

«እሱም።»

«እንደ እሷ ዝም ብዬ ጭረት የማደርግ እንዳይመስላችሁ» አለች፤ አምስት ዓመት ሙሉ የምትነዳትን መኪና ከሥር ስታያት የመጀመሪያዋ ነው። ሁለቱን ጎማ ስትመረምር ግማሽ ሰዓት ፈጀች፣ አንዱን ብሎን ደግመሽ አጥብቂው አለችኝ፣ አጠበቅኩት። ማርከሩን ስሰጣት በሁለቱም ጎማ በኩል ምልክቷን አደረገች።

ጎማዎቹ ከገቡ በኋላ ፔዳሉን ደጋግሜ ረግጬ እስኪጠነክር ጠበቅኩ። ከዚያ መኪናዋን ከእህቴ ጋር ሰው በሌለበት የኋላ መንገድ ላይ ቀስ ብለን ነዳናት፤ አሥር ጊዜ ሄደን አሥር ጊዜ ቆምን። ዘፈን አልከፈትንም። ምንም ድምፅ አልነበረም።

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እህቴ ልጆቹን ይዛ ሄደች። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደውላ ደርሰናል አለች። ሰኞ እኔና እናቴ አባቴን ክሊኒክ ወሰድናቸው። ነርሷ ጫማቸውን አስወለቀቻቸው፤ ከግራ ተረከዛቸው ሥር አይተውት የማያውቁት፣ ያልተሰማቸው ቁስል አገኘች። አጠበችው፣ አሰረችው፣ ረቡዕ እንዲመለሱ ቀጠሮ ሰጠቻቸው።